ታዳጊዎችን ለእኩዮቻቸው ሜንተርነት ማሠልጠን፦ ትኩረቱ ምን ላይ ይሁን?

ለመድረኩ አባላት በሙሉ፤ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ።

በሜሪላንድ፣ በሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚገናኙ የሐበሻ ታዳጊዎችን ከሌሎች ወላጆች ጋር ሆኜ አስተባብራለሁ። ልጆቹ የሚሳተፉት ኮንግረሽናል አዋርድ በሚባለው፣ የአሜሪካ ኮንግረስ እ.ኤ.አ. በ1979 በሕግ ባቋቋመው የወጣቶች የሽልማት መርሐ ግብር ነው። ለማያውቁት ባጭሩ ልግለጸው። አንድ ልጅ 13 ዓመት ተኩል ሲሞላው ይመዘገባል፤ እስከ 24ኛ ዓመት ልደቱም ጊዜ አለው። ከማንም ጋር አይወዳደርም፤ ግቡን የሚያወጣው ራሱ ነው። ዘርፎቹ አራት ሲሆኑ እነሱም የበጎ ፈቃድ አገልግሎት፣ የግል ችሎታን ማዳበር፣ የአካል ብቃት እንዲሁም ጉዞ ወይም አሰሳ ናቸው። ለነሐስ ሜዳሊያ 100 ሰዓት አገልግሎት፣ 50 ሰዓት የግል ችሎታና 50 ሰዓት የአካል ብቃት ያስፈልጋል። ለወርቁ ግን አገልግሎቱ 400፣ ሌሎቹ ሁለቱ ደግሞ እያንዳንዳቸው 200 ሰዓት ይደርሳሉ፤ 4 ተከታታይ ሌሊት የሚታደርበት ጉዞም አለበት፤ ከሁለት ዓመት ባነሰ ጊዜ አይጠናቀቅም።

ችግራችን የአዋቂ እጥረት ነው። አብዛኛው ወላጅ ቅዳሜንም ጭምር የሚሠራ በመሆኑ የጥቂት አማካሪዎች ጊዜ ለሁሉም ልጅ አይበቃም። ስለዚህ ነሐሱን የጨረሱት የ16 እና የ17 ዓመት ልጆች አዲስ ለሚመዘገቡት የ14 ዓመት ልጆች ሜንተር፣ ማለትም አጠገባቸው ሆኖ የሚያግዝ ታላቅ፣ ቢሆኑ ብለን አሰብን። አንድ ድርጅት መጥቶ ግማሽ ቀን አሠለጠናቸው። ስለ መሪነት፣ በሰው ፊት ስለ መናገር፣ የሚለካና የተወሰነ ግብ ስለ ማውጣት በሚገባ ተነገራቸው፤ ሰርተፊኬትም ተሰጣቸው።

ከዚያ በኋላ ያየሁትን ልንገራችሁ። አንዱ ሠልጣኝ ከአዲስ አበባ ከመጣ ገና ወራት የሆነውን ልጅ አጠገቡ አስቀምጦ ግብ ያስጽፈዋል። ትንሹ፣ ጎበዝ ሰው መሆን እፈልጋለሁ ብሎ ጻፈ። ትልቁ ፈገግ አለና እርሳሱን ከእጁ ወሰደ፤ የተጻፈውን በላጲስ አጠፋ፤ በሚያምር እንግሊዝኛም በሳምንት ሁለት ቀን ዋና እንደሚማር፣ በስንት ወር ስንት ሜትር እንደሚዋኝ ጻፈለት። ትንሹ አንገቱን ነቀነቀ። በወረቀት ላይ እንከን የሌለው ግብ ነበር፤ ልጁ ግን መዋኛ ገንዳው ደጃፍ ደርሶ አያውቅም። በትልቁ በኩል ጥፋት አልነበረም፤ የሠለጠነውን ነው ያደረገው።

ስለዚህ እንዲህ ብዬ እከራከራለሁ፤ ታዳጊን ለሜንተርነት ስናሠለጥን ከጊዜው የሚበዛውን ማዋል ያለብን እንዴት እንደሚመክር በማስተማር ላይ ሳይሆን ከመምከር እንዴት እንደሚታቀብ፣ እንዴት እንደሚያዳምጥ፣ የትኛውን ጉዳይ ለአዋቂ አሳልፎ እንደሚሰጥ በማለማመድ ላይ ነው። በሦስት ወንበር የሚሠራ ልምምድ ጀምረናል። አንዱ የሚያሳስበውን ይናገራል፣ ሁለተኛው እጁን ከጠረጴዛው በታች አድርጎ ያዳምጣል፣ ሦስተኛው አድማጩ ስንት ጊዜ እንደጠየቀና ስንት ጊዜ እንደመከረ በወረቀት ላይ ሰረዝ እያደረገ ይቆጥራል፤ ከዚያም ወንበር ይቀያየራሉ። ልጆቹ የራሳቸውን ሰረዝ ሲያዩ ይደነግጣሉ። በሌላ ቦታ ያላችሁ ምን ትሠራላችሁ? ሥልጠናው ስንት ጊዜ ይውሰድ? ከሥልጠናው በኋላስ ማን ይከታተላቸው?

(የመጡት መልሶች ብዙና ረጃጅም ስለነበሩ፣ አዲስ የሚቀላቀል ሰው እንዳይቸገር የጸሐፊዎቹን ቃል ሳልጠቅስ በየተራቸው በራሴ አገላለጽ አስፍሬያቸዋለሁ፤ በየመሀሉ የራሴን አስተያየት ጣልቃ ማስገባቴ አልቀረም።)

መልስ 1። የመጀመሪያውን መልስ የሰጡን በአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ የሚኖሩ ጡረተኛ መምህር ናቸው። በሐሳቤ መስማማታቸውን በትሕትና ከገለጹ በኋላ ልጅ ልጅን ማስተማሩ ለእኛ እንግዳ ነገር እንዳልሆነ አስታወሱን። እሳቸው ባደጉበት የአብነት ትምህርት ቤት ዳዊት የደገመው ልጅ ፊደል ቆጣሪውን ያስቆጥር ነበር፤ ማታ በጨለማ በቃል ሲጠናም ቀደም ያለው ተማሪ ኋለኛውን ያስቀጽለው ነበር። ነገር ግን የኔታ በመጨረሻ ልጁን ራሳቸው ጠርተው ያስነብቡታል፤ ስሕተት ከተገኘ መጀመሪያ የሚጠየቀው ደግሞ ያስተማረው ትልቁ ልጅ ነው። በመምህሩ እምነት ሥርዓቱን ያቆመው ይህ የየኔታ ጆሮ ነው። ታዲያ ነገሩን ሲያሳምሩት አልዋሉም፤ ለትልቁ ልጅ ከማስተማሩ ሥልጣን ጋር አርጩሜውም አብሮ ይሰጠው እንደነበር፣ ከትምህርቱ ይልቅ አርጩሜውን የወደዱ እንዳልጠፉም ጨምረው ጽፈዋል። ይህን ያነሳ ሌላ ሰው ስላልነበረ አመሰግናቸዋለሁ።

መልስ 2። ሁለተኛዋ በእኛው አካባቢ የምትኖር እናት ነች። ያሳሰባት የሰዓቱ ጉዳይ ነው። በሜሪላንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት የሚማር ልጅ ለመመረቅ 75 የአገልግሎት ሰዓት ሊኖረው ይገባል፤ በዋሽንግተን ዲሲ ደግሞ 100 ሰዓት ነው። ልጇ ሜንተር ቢሆን ይቆጠርለት እንደሆነ ጠየቀች፤ ሜንተሩም ለትንሹ ልጅ ሰዓት ቢፈርምለት የወላጅ ጣጣ እንደሚቃለል ሐሳብ አቀረበች። በመጨረሻ ደግሞ አንድ ሐቀኛ ጥያቄ ጣል አደረገች፤ ልጇ የሚመጣው ለሰዓቱ ብቻ ከሆነ ይህ ክፉ ነገር ነው ወይ?

መልስ 3። ሦስተኛው ጸሐፊ ያለ ሰላምታ በቀጥታ ወደ እርማት ገባ። በመርሐ ግብሩ ደንብ መሠረት የልጁን ሥራ አይቶ የሚያረጋግጠውም ሆነ የበላይ አማካሪው ወላጅ፣ ዘመድ ወይም እኩያ ሊሆን አይችልም። ስለዚህ ሜንተሩ ለትንሹ ልጅ መዝገብ አያያዝ ያሳየዋል እንጂ መፈረም አይችልም፤ የውኃ ዋናውን አሠልጣኙ፣ የቤተ መጻሕፍቱን አገልግሎት የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ያረጋግጣል። ለትምህርት ቤት የሚሆነውን ሰዓት በተመለከተም ሥራው ከመጀመሩ በፊት የትምህርት ቤቱን የአገልግሎት አስተባባሪ ማነጋገር እንደሚያስፈልግ፣ ካለቀ በኋላ ወረቀት ይዞ መሯሯጥ እንደማይጠቅም አስጠነቀቀ። አነጋገሩ ደረቅ ቢሆንም የተናገረው ልክ ነው። እኔ እንዲያውም ሜንተሩ መፈረም አለመቻሉን የደንቡ ትልቅ በረከት አድርጌ ነው የማየው፤ ፊርማ በእጁ ያለ የ17 ዓመት ልጅ በ14 ዓመቱ ልጅ ላይ አለቃ ለመሆን ብዙ አይቀረውም።

መልስ 4። አራተኛው ከአዲስ አበባ የተጻፈ ነው። ጸሐፊው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ሲሆኑ መልሳቸው መራራ ነበር። በአገራችን ትምህርት ቤቶች የተዘረጋውን የአንድ ለአምስት አደረጃጀት አነሱ። በሐሳብ ደረጃ አንዱ ተማሪ አምስቱን እንዲያግዝ የታሰበ እንደነበረ፣ እሳቸው ባስተማሩበት ቦታ ግን ማን እንደቀረ፣ ማን እንዳረፈደ የሚሞላበት ቅጽ ሆኖ እንደቀረ ጻፉ። መሪ የሚሆነው ሁልጊዜ በውጤት አንደኛ የወጣው ነበር፤ ያ ልጅ ሒሳቡ በቀላሉ ስለሚገባው ሌላው ለምን እንዳልገባው ማስረዳት ይቸግረዋል። ቡድኑ አንድ ቀን ሳይገናኝ ቃለ ጉባኤው ግን በየሳምንቱ ተሟልቶ ይቀርባል። እንዲህ ያለው ነገር ሰርተፊኬት ሲጨመርበት የባሰ እንጂ የተሻለ አይሆንም ባይ ናቸው። ከምሬታቸው ውስጥ ግን ፍሬ ያለው ምክር ወጣ፤ ሜንተር ሲመረጥ ቀድሞ ከጨረሰው ይልቅ ወድቆ የተነሳው፣ አንድ ግብ ጀምሮ አቋርጦ እንደገና የጀመረው ልጅ ይመረጥ የሚል ነው። ይህን ምክር ተቀብለን በዚህ ዓመት አመራረጣችን ላይ አስገብተነዋል።

መልስ 5። አምስተኛዋ ጸሐፊ በመልስ 4 ተቆጣች። እሷም በዚያው አደረጃጀት ያለፈች ነች፤ በ11ኛ ክፍል ፊዚክስ ጥላ ልትሄድ ስትል የቡድኑ መሪ የነበረች ልጅ ከትምህርት በኋላ ደረጃው ላይ አስቀምጣ ጥያቄ በጥያቄ እያሠራቻት አሳልፋታለች፤ ዛሬ ነርስ ናት። መምህሩ የሁሉንም ትምህርት ቤት በአንድ ሙቀጫ እንዳይወቅጡ፣ ደግሞም ቅጹን ይሰበስቡ የነበሩት ተማሪዎች ሳይሆኑ መምህራን መሆናቸውን እንዳይዘነጉ አሳሰበች። የመጨረሻዋ ዐረፍተ ነገር ስለታም ነበረች። እኔ ሁለቱ እርስ በርስ የሚቃረኑ አልመሰለኝም፤ እሷን የረዳቻት ልጅ የሠራችው ቅጹ ላይ የሌለውን ሥራ ነው።

መልስ 6። ስድስተኛው ከእስራኤል፣ ከነታንያ የመጣ ሲሆን ለእኔ ከሁሉም የበለጠ ትምህርት የሰጠኝ ነው። ጸሐፊው ልጆቻቸውን በዚያው ያሳደጉ አባት ናቸው። በዚያ አገር የወጣት ንቅናቄዎች ታዳጊ ታናናሾቹን መምራቱ የተለመደ ነገር ነው። በስካውቱ፣ ማለትም ጾፊም በሚባለው፣ ልጁ በ9ኛ ክፍል ሳለ የመሪነት ኮርስ ይወስዳል፤ ከ10ኛ ክፍል ጀምሮ ማድሪኽ (መሪ) ተብሎ ከ4ኛ ክፍል ጀምሮ ካሉት ሕፃናት አንዱን ቡድን ይረከባል። በሃይማኖታዊው በብኔ አኪቫ ደግሞ በየቅርንጫፉ በውትድርና ፈንታ ብሔራዊ አገልግሎቷን የምትሰጥ ወጣት ሴት ተመድባ መሪዎቹን ትከታተላለች። አባትየው አጥብቀው የተናገሩት ስለዚህች ሰው ነው። የእሳቸው ሴት ልጅ ቡድን በመራችበት ጊዜ የምታዘጋጀውን የእያንዳንዱን ሳምንት ፕሮግራም አስቀድማ በጽሑፍ ለኃላፊዋ ታሳይ ነበር፤ ከስብሰባው በኋላም ቁጭ ብለው ምን እንደተሳካ፣ የትኛው ልጅ ዝም እንዳለ ይነጋገራሉ። ኮርሱ ካለቀ በኋላ እንዲህ ያለ ሰው ባይኖር ልጃቸው በሁለት ወሯ ትተወው እንደነበር እርግጠኛ ናቸው። አያይዘውም ከኢትዮጵያ የመጡ ወላጆች በመጀመሪያ ነገሩን እንዳልወደዱት፣ የ16 ዓመት ልጅ እንዴት የሰው ልጅ ይዞ ዱር ያድራል ብለው ይጠይቁ እንደነበር ጻፉ። እሳቸውም ከጠያቂዎቹ አንዱ ነበሩ።

መልስ 7። ከዚህ በኋላ የውይይቱ ድምፅ ተለወጠ። ሰባተኛው ጸሐፊ በቨርጂኒያ የሚኖሩ የሦስት ልጆች አባት ሲሆኑ ነገሩን ከሥሩ ተቃወሙ። ዕውር ዕውርን ቢመራ ሁለቱም ገደል ይገባሉ የሚለውን ጠቅሰው፣ እኛ በሥራ ስለተወጠርን የራሳችንን ኃላፊነት በልጆች ትከሻ ላይ እየጫንን መልካም ስም እንደሰጠነው ጻፉ። ልጆቻችን ቀኑን ሙሉ የሚሰሙት እኩዮቻቸውን ነው፤ በስልኩም በትምህርት ቤቱም የእኩያ ምክር ሞልቷል፤ የጎደላቸው የአዋቂ ምክር ሆኖ ሳለ አሁን ቅዳሜንም ለእኩያ አሳልፈን ልንሰጥ ነው ወይ ሲሉ ጠየቁ። አስተባባሪዎቹ ራሳችን በቂ ሥልጠና እንዳለን የሚያጠራጥራቸው መሆኑንም አልደበቁም። ቃላቸው የሚጎመዝዝ ቢሆንም ጥያቄው ችላ የሚባል አልነበረም፤ እኔም ወዲያው ከመመለስ ይልቅ ሌሎች እስኪናገሩ ጠበቅሁ።

መልስ 8። የመለሰችላቸው በማኅበራዊ ሠራተኛነት የምታገለግል እህት ናት። ርዝመቱ ከሁሉም መልሶች ይበልጣል። በመጀመሪያ እኩያ ያልሠለጠነ ምክር መስጠቱ በእኛ ፈቃድ የተጀመረ እንዳልሆነ፣ ልጆች ሲጨንቃቸው ከአዋቂ በፊት የሚነግሩት ለጓደኛ መሆኑን፣ ስለዚህ የእኛ ምርጫ በሠለጠነና ባልሠለጠነ ጓደኛ መካከል እንደሆነ አስረዳች። ቀጥላ ጂን ግሮስማንና ጂን ሮድስ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2002 ያሳተሙትን ጥናት ጠቀሰች። ልጆችን ከአዋቂ በጎ ፈቃደኞች ጋር በሚያገናኘው በቢግ ብራዘርስ ቢግ ሲስተርስ ድርጅት ውስጥ ከሜንተር ጋር የተገናኙ ታዳጊዎችን የተከታተለ ሲሆን፣ ግንኙነታቸው ዓመትና ከዚያ በላይ የዘለቀው ከሁሉም የበለጠ ተጠቅመዋል፤ በሦስት ወር ውስጥ የተቋረጠባቸው ግን ለራሳቸው የሚሰጡት ግምት ጭራሽ ቀንሶ ተገኝቷል። ከዚህ ተነስታ፣ አንድ ሙሉ የትምህርት ዘመን ለመቆየት ቃል የማይገባ ልጅ ሜንተር መሆን የለበትም፤ የኮሌጅ ማመልከቻ የሚያስጨንቀው የ12ኛ ክፍል ተማሪም ብቻውን አይመደብ አለች።

ዋናው ጉዳይዋ ግን ምሥጢር ነበር። ስሟን ሳትጠቅስ፣ አገሩንም ሳትገልጽ የአንዲት የ16 ዓመት ልጅ ታሪክ ተረከች። ትንሿ ልጅ በቤቷ የሚደርስባትን ነገር ለማንም እንዳትናገር አስምላ ነገረቻት፤ ትልቋም ቃሏን ጠብቃ ለሳምንታት ይዛው ከረመች፤ እንቅልፍ አጣች፤ ትምህርቷም ወደቀ። በመጨረሻ ነገሩን የደረሰችበት የትልቋ እናት ናት። ጸሐፊዋ ይህ የሆነው ልጅቷ ክፉ ስለሆነች ሳይሆን ምሥጢር ጠባቂ ሁኚ ተብላ ስለሠለጠነች ነው አለች። በሜሪላንድ ሕግ አንድ ሕፃን ጥቃት ወይም ቸልታ ደርሶበታል ብሎ ለማመን ምክንያት ያለው ሰው ባለሙያ ባይሆንም እንኳ የማሳወቅ ግዴታ አለበት። ስለዚህ ሜንተሩ በመጀመሪያው ቀን፣ ምንም ነገር ከመነገሩ በፊት፣ ሰው ሊጎዳ የሚችል ነገር ከሰማ ለአንድ ለሚታወቅ አዋቂ እንደሚናገር ለትንሹ ልጅ መግለጽ አለበት። ይህችን አንድ ንግግር ልጆቹ አፋቸው እስኪለምዳት ድረስ ደጋግመው ጮክ ብለው እንዲለማመዷት፣ የአዋቂዋም ስምና ስልክ በእያንዳንዱ ሜንተር ስልክ ውስጥ እንዲገባ መከረች። በእኔ ግምት ሌላው ሁሉ ቢቀር ይህ ብቻ ቢሠለጥን ግማሽ ቀኑ በከንቱ አልባከነም።

መልስ 9። ዘጠነኛው ያልጠበቅነው ሰው ነው፤ ራሱ ሜንተር የሆነ የ17 ዓመት ልጅ። አማርኛውን እናቱ እንዳረመችለት አስቀድሞ ተናገረ፤ ትላልቆቹንም ሁሉ በአክብሮት ሰላም አለ። ከዚያ በኋላ የጻፈው ግን የማይሽኮረመም ነበር። በሦስት ወንበር የሚሠራው ልምምድ በመጀመሪያ የሞኝ ጨዋታ እንደመሰለው፣ ሁለተኛ ጊዜ ግን የተቆጠረበት ሰረዝ ሁሉ የምክር ሆኖ ሲያገኘው እንዳፈረ አመነ። አዋቂዎች ሜንተሮችን በጣም የሚፈሩላቸው ከባድ ነገር አልፎ አልፎ የሚያጋጥም መሆኑን፣ በየሳምንቱ የሚያስቸግረው ግን ሌላ እንደሆነ ነገረን፤ ትንሹ ልጅ ዝም ሲል፣ ለመልእክት መልስ ሳይሰጥ ሲቀር፣ ግቡን ሳይሠራ ሠርቻለሁ ሲል ምን እንደሚደረግ ማንም አላስተማራቸውም። ለመልስ 7 ጸሐፊም ጋሼ ብሎ ጀምሮ አንድ ጥያቄ አቀረበላቸው፤ ልጆችዎ ትምህርት ቤት ውስጥ ምሳ ከማን ጋር እንደሚበሉ ያውቃሉ? እኔ የእኔን ትንሽ ልጅ አውቃለሁ፤ ለሁለት ወር ብቻውን ነበር የሚበላው የሚል ነበር።

መልስ 10 እና 11። አሥረኛው ጸሐፊ ልጁን ካመሰገነ በኋላ ውይይቱን ወደ ሌላ ጎዳና ወሰደው፤ ቅዳሜው ለምን በአማርኛ ብቻ አይካሄድም የሚል ነው። አሥራ አንደኛዋ ደግሞ ከልጆቹ መካከል በቤታቸው ኦሮምኛና ትግርኛ የሚናገሩ እንዳሉ፣ ከአዲስ አበባ የመጣው ልጅ እንግሊዝኛውን መለማመጃ እንደሚፈልግ አስታውሳ አጥብቃ ተቃወመች። አምስት ስድስት ሰዎች ተከትለው ገቡ፤ ያንን ሁሉ እዚህ አልዘረዝርም። ከጉዳያችን ጋር የሚገናኘው አንድ ነጥብ ብቻ ነው። ሜንተሩ ትንሹ ልጅ በሚቀናው ቋንቋ ሊያናግረው ካልቻለ አዳመጠው ማለት አይቻልም፤ ስለዚህ ስንመድብ ከዕድሜ ቀጥሎ ቋንቋን ማየት ይገባል።

መልስ 12። ከለንደን የጻፉ ሰው ወደ መንገዱ መለሱን። በብሪታንያ ልዑል ፊሊፕ እ.ኤ.አ. በ1956 ባቋቋሙት የኤደንብራ መስፍን ሽልማት በተባለው የወጣቶች መርሐ ግብር ውስጥ ለብዙ ዓመት በፈቃደኝነት ሠርተዋል። በዚያውም የሽልማቱ የመጀመሪያ ዳይሬክተር ጆን ሀንት እ.ኤ.አ. በ1953 ኤቨረስት ተራራ ጫፍ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የደረሰውን ቡድን የመሩት ሰው መሆናቸውን ነገሩን፤ ለልጆች የሚነገር ጥሩ ታሪክ ነው። ቁም ነገራቸው ግን የጉዞው ሕግ ነው። ለነሐስ ደረጃ ከ4 እስከ 7 ልጆች ያሉበት ቡድን ሁለት ቀንና አንድ ሌሊት በራሱ ይጓዛል፤ አዋቂው ከሩቅ ሆኖ ይከታተላል እንጂ አብሮ አይሄድም። የቡድኑ አባላት በሙሉ በአንድ ደረጃ ላይ ያሉ መሆን አለባቸው። በብርና በወርቅ ደረጃ ያሉ ልጆች ተገቢውን ሥልጠና ወስደው ነሐሶቹን ማለማመድ ይችላሉ፤ ይህም የበጎ ፈቃድ አገልግሎት ሆኖ ይያዝላቸዋል። ካርታ ማንበብ፣ ድንኳን መትከል፣ በምድጃ ማብሰል ያሳዩአቸዋል። የጉዞው ቀን ሲደርስ ግን በቡድኑ ውስጥ አይገቡም።

ጸሐፊው ሜንተሮቹ በመጀመሪያ በዚህ እንደሚከፉ፣ የደከሙለት ቡድን መንገድ ሲስት ለማየት እንኳ እንደማይፈቀድላቸው እየሳቁ ጻፉ። እኔ ግን የፈለግሁትን እዚህ አገኘሁት። ሜንተሩ የሚያበቃበት ቀን በመርሐ ግብሩ ውስጥ ተጽፎ ካለ፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የሚሠራው ለዚያ ቀን ነው፤ ካርታውን ራሱ ይዞ ከመምራት ይልቅ ትንሹ እንዲይዘው ያደርጋል። የእኛ መርሐ ግብር እንዲህ ያለ የቡድን ሕግ ስለሌለው የማብቂያውን ቀን እኛው ማኖር ይኖርብናል። ለምሳሌ ትንሹ ልጅ የጉዞ ዕቅዱን ለአማካሪው ሲያስረዳ ሜንተሩ ከክፍሉ ውጭ ይቆይ ብለን ወስነናል።

መልስ 13። የመልስ 7 ጸሐፊ ተመለሱ፤ አሁንም ረጋ አላሉም። በመልስ 8 የተጠቀሰው ጥናት የተሠራው ሜንተሮቹ አዋቂ በሆኑበት መርሐ ግብር ላይ በመሆኑ ስለ ታዳጊ ሜንተር ማስረጃ ሊሆን እንደማይችል አመለከቱ። ትክክል ናቸው፤ ማኅበራዊ ሠራተኛዋም በአንዲት አጭር መስመር ተቀብላ፣ ይሁንና አዋቂ ሲያቋርጥ ልጁን የሚጎዳው ከሆነ ልጅ ሲያቋርጥ አይጎዳውም ለማለት ምን ምክንያት እንዳለ ጠየቀቻቸው። ለዚህ አልመለሱላትም። ለ17 ዓመቱ ልጅ ግን መለሱለት። ልጆቻቸው ምሳ ከማን ጋር እንደሚበሉ ጠይቀው እንደነበር፣ ሁለቱ እንደነገሯቸው፣ ሦስተኛው ግን ዝም እንዳላቸው ጻፉ። ከተቃውሟቸው አልወረዱም፤ ልጃቸው ሜንተር የሚመደብለት ከሆነ ግን ማን እንደሆነ፣ በስንት ቀን እንደሚገናኙ፣ የሚቆጣጠረው አዋቂ ማን እንደሆነ ለወላጅ በጽሑፍ ይድረስ አሉ። ይህ በመጀመሪያ ከእኛ ሊመጣ የሚገባው ጥያቄ ነበር።

መልስ 14። የአዲስ አበባው መምህር እንደገና ጻፉ፤ በዚህ ጊዜ ድምፃቸው ለስለስ ብሎ ነበር። ለመልስ 5 ጸሐፊ ቅጹን ከሚሰበስቡት አንዱ እሳቸው እንደነበሩ ከገለጹላት በኋላ፣ ወደ 60 ተማሪ ባለበት ክፍል ውስጥ የሦስት ወንበሩ ልምምድ ይሠራ እንደሆነ ጠየቁ። እሷም ወንበር እንደማያስፈልገው፣ በአንድ ዴስክ ላይ የተቀመጡ ሦስት ልጆች ቦታ ሳይቀይሩ ተራ በተራ ሊሠሩት እንደሚችሉ መለሰችላቸው። ዝርዝሩን በአማርኛ ጽፌ ልልክላቸው ቃል ገብቻለሁ። አንድ ነገር ግን በግልጽ ላስቀምጥ፤ ልምምዱ ያለ ተከታታይ አዋቂ አይሠራም። እኛ ዘንድ በየቅዳሜው የመጨረሻዋን ግማሽ ሰዓት ሜንተሮቹ ብቻቸውን ከአንድ አዋቂ ጋር ይቀመጣሉ፤ የሚጠየቁትም ስለ ውጤት ሳይሆን በሳምንቱ ውስጥ ምን መልስ እንዳጡ ነው። የ17 ዓመቱ ልጅ ያነሳው የዝምታና የውሸት ሪፖርት ጉዳይ በዚያች ግማሽ ሰዓት ብዙ ጊዜ ወስዷል። እስካሁን የተስማማንበት፣ ትንሹ ልጅ ሠርቻለሁ ካለ ሜንተሩ ማስረጃ ከመጠየቅ ይልቅ በሚቀጥለው ጊዜ አብሮት እንዲሄድ ነው፤ ማረጋገጡ የሌላ ሰው ሥራ ነውና።

መልስ 15። የሁለተኛው መልስ እናት ወደ ስልክ ጉዳይ ገባች። ሜንተሩና ትንሹ ልጅ በግል መልእክት እንዳይጻጻፉ፣ ሁልጊዜ አንድ አዋቂ ያለበት የቴሌግራም ቡድን ውስጥ ብቻ እንዲነጋገሩ ሐሳብ አቀረበች። ማኅበራዊ ሠራተኛዋ ወዲያው ደገፈቻት፤ የለንደኑም ሰው በእነሱ ዘንድ ተመሳሳይ አሠራር እንዳለ ጻፉ። የልጇን የሰዓት ጥያቄ በተመለከተ እኔ የምለው ይህን ነው፤ ለሰዓቱ ብሎ መምጣቱ አያሳፍርም፤ ሰዓቱ ከሞላ በኋላ የትምህርት ዘመኑ እስኪያልቅ ለመቆየት ከወዲሁ ይፈርም፤ ያን መፈረም ካልፈለገ ሜንተርነቱ ይቅርና ከእኛ ጋር ሌላ አገልግሎት ይሥራ፤ ምግብ ማደሉም መጻሕፍት መደርደሩም ሰው ይፈልጋል።

መልስ 16። እስከ አሁን የመጨረሻው መልስ የ17 ዓመቱ ልጅ ነው። የስልኩን ደንብ እንደሚቀበል ገልጾ፣ እሱና ትንሹ ልጅ ማታ ማታ አብረው የሚጫወቱት የኢንተርኔት የእግር ኳስ ጨዋታ በማይክሮፎን መነጋገሪያ እንዳለው፣ ትንሹ ልጅ ከቅዳሜው ይልቅ ብዙ የሚናገረውም እዚያ እንደሆነ ጻፈ፤ ደንቡ ያንንም ይከለክል እንደሆነ ጠየቀ። በአስተባባሪዎች መካከል ገና አልተስማማንም። ግማሾቹ ደንብ ደንብ ነው ይላሉ፤ እኔ በበኩሌ ጨዋታውን ከመከልከል ይልቅ የሁለቱም ወላጆች አውቀው እንዲፈቅዱና ሰዓቱ እንዲወሰን እፈልጋለሁ። በዚህ ላይ ልምድ ያላችሁ፣ በተለይ የነታንያው አባትና የለንደኑ ወንድማችን፣ እናንተ ዘንድ እንዴት እንደተፈታ ብትጽፉልን ከሚቀጥለው የወላጆች ስብሰባ በፊት ይደርሰናል።